ከደብረ ማርቆስ እስከ ጣና ዳር፦ ለቤተሰብ ጉዞ የሚሆን ምክርና ሳንጠጣው የቀረ ቡና



ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ ስለ ባሕር ማስተማር ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የሰሜን አፍሪካን ካርታ ሰሌዳው ላይ ሰቅለን፣ አገር ጎብኚ የሚጎርፍባቸውን የቱኒዝያዋን ሐማማት፣ የሞሮኮዋን አጋዲርና የግብፅዋን እስክንድርያ በዘንግ እየጠቆምን ስናስረዳ አንድ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ። «ኡስታዝ፣ ማዶው የማይታይ ውሃ አይተው ያውቃሉ?» አለን። ጓደኞቹ ሳቁበት። የሳቁት በጥያቄው ሳይሆን «ቲቸር» ማለት ሲገባው በመድረሳው ልማድ «ኡስታዝ» ስላለን ነበር። ልጁን ከሰኞ እስከ ዓርብ በዚያ ክፍል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በመድረሳ እናስተምረው ነበር።

እኛም እውነቱን ነገርነው። ባሕር አላየንም፤ ጣናን ግን አይተናል። ጣናም ከብዙ ቦታ ሆነው ሲያዩት ማዶው አይታይም። አገራችን ከ1985 ዓ.ም ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ የተቆረቆረችውን ከተማ አባቶቻችን «ባሕር ዳር» ብለው የጠሯት ያለ ምክንያት አይደለም። የልጁ ጥያቄ በዚያው አልቀረም። በዚያው ዓመት በጥር፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ ሃያ ሁለት የመድረሳ ልጆች፣ አራት እናቶችና ሁለት መምህራን ሆነን ለሦስት ቀን ጉዞ ተነሳን። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጣና ዳር ለመሄድ ያሰበ ሰው እንዲጠቀምበት ነው። ከዚያ ጉዞ ያፈርንበት አንድ ነገርም ስላለ እሱንም አንደብቅም።

መንገዱ

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በእንጅባራ በኩል 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በዱርቤቴና በመራዊ አድርጎ ያልፋል። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ያሉ አንባብያን ደግሞ በሞጣ በኩል የሚወስደው መንገድ ይቀርባቸዋል።

በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ሰው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሳይዘገይ መናኸሪያ ቢገኝ መልካም ነው። ሚኒባስ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሕፃናት ለያዘ ቤተሰብ ትልቁ አውቶቡስ የተሻለ ነው። እኛ ብዙ ስለነበርን አንድ ቅጥቅጥ በኮንትራት ያዝን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተን፣ ቁርሳችንን ፍኖተ ሰላም በልተን፣ ቀትር ላይ ባሕር ዳር ገባን።

መኪና ለሚያስመልሳቸው ልጆች የሚበጀው ከፊት መቀመጥ፣ ሆድ ሳይሞሉ መነሳትና ሎሚ መያዝ ነው። ፌስታልም አይረሳ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የመስኮት ጉዳይ ነው። የደጋ ሰው በመሆናችን «ብርድ ይመታናል» የሚለው ክርክር ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ አላባራም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። በመሆኑም ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሁሉ ከዳንግላ በኋላ ማውለቅ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ መስኮቱን ለመክፈት የሚከራከር አይኖርም።

በመንገዱ ላይ ለልጆች የሚታይ ብዙ ነገር አለ። በእንጅባራ አካባቢ ከቀርከሃ የተሠሩ ወንበሮችና አልጋዎች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ይሸጣሉ። በዚያው አቅራቢያ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ዱርቤቴን አልፎ ወደ መራዊ ሲቃረቡ ደግሞ ግልገል አባይን ይሻገራሉ። ይህ ወንዝ ሰከላ ውስጥ ከግሽ አባይ ተነስቶ ጣና ይገባል። ከጣና የሚወጣው ውሃ ደግሞ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር ተቀላቅሎ፣ ግብፅን አቋርጦ በረሺድና በዲምያጥ በኩል ከሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። ልጆቹን ከድልድዩ ላይ ቁልቁል እያሳየን «ካርታው ላይ ያያችሁት ባሕር ከዚህ ይጀምራል» ስንላቸው በአንድ ጊዜ ወደ አንዱ መስኮት ተጋፉ፤ ረዳቱም ተቆጣን።

ሶላትን በተመለከተ፣ የዚህ ጉዞ ርቀት በብዙዎቹ ዑለማእ ዘንድ ሶላት ለማሳጠር የሚያበቃ ነው። ዙህር፣ ዐስርና ኢሻ ወደ ሁለት ረከዓ ያጥራሉ፤ ሱብሂና መግሪብ ግን እንዳሉ ይሰገዳሉ። ከተማው ውስጥ የሚቆዩበት ቀን ሲበዛ ስለሚኖረው ብይን ከመነሳት በፊት የሚቀርቧቸውን ዓሊም መጠየቅ ነው። ከሹፌሩ ጋር ደግሞ የት እንደሚቆም ጠዋት ከመነሳት በፊት መስማማት ይገባል። መንገድ ላይ «ቁም፣ አልቆምም» መባባል ሶላትንም ጉዞንም ያበላሻል።

በከተማዋ ውስጥ

ባሕር ዳር ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ያረፈች በመሆኗ ለእግረኛ የምትመች ከተማ ናት። ዳገት ለለመደ የደብረ ማርቆስ ልጅ ይህ ራሱ አንድ ትርዒት ነው። ዋና ዋና መንገዶቿ ዘንባባ ተተክሎባቸዋል። ብስክሌት የሚነዳው ሰውም ብዙ ነው፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ሽማግሌው ሳይቀር በብስክሌት ይሄዳል። በየሰፈሩ የሚያከራዩ ስላሉ ትልልቆቹ ልጆች በሰዓት ተከራይተው ነዱ። ከመንዳት በፊት ፍሬኑን መሞከር አይዘንጋ።

ራቅ ላለ ቦታ ባጃጅ አለ። ከመሳፈር በፊት «ኮንትራት ነው ወይስ እንደ ታክሲ?» ብሎ መጠየቅና በዋጋ መስማማት ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል። የአባይን ወንዝ ለመሻገር ከአሮጌው ድልድይ ሌላ በ2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ አለ። ከድልድዩ ማዶ በዛዊት ኮረብታ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ከኮረብታው ሲመለከቱ አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጀምር ይታያል።

የምግብን ነገር ስናነሳ፣ በከተማዋ የሙስሊም ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት አለ። አድራሻውን ለማወቅ ከአንዱ መስጂድ ደጅ መጠየቅ ይበቃል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ዓሣ ነው። ዓሣ የማንንም እርድ ስለማይጠይቅ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ገበታ ይቀርባል። ቆሮሶና አምባዛ በየምግብ ቤቱ ይገኛሉ። ጣና ከዚህ ሌላ በዓለም ላይ ከእርሱ በቀር የትም የማይገኙ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች እንዳሉት ለልጆቹ ስንነግራቸው፣ ሳህናቸው ላይ ያለው ከእነዚያ አንዱ እንዳይሆን ፈርተው መብላት አቆሙ። «እሱ ቆሮሶ ነው፣ ብሉ» ብለን አረጋጋናቸው።

በሐይቁ ላይ

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ አስገብቶታል።

ሞተር ጀልባዎች ከከተማው ዳር ተነስተው ወደ ዘጌ ልሳነ ምድርና ወደ ደሴቶቹ ይወስዳሉ። ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ የቡና ዛፎቿን ጥላ እያዩ መራመድ ብቻውን ያስደስታል። ጥንታዊ ገዳማቱን ለመጎብኘት የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ አንድ ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ገዳማት ሴት አያስገቡም። የጀልባ ተከፍሎ ከተደረሰ በኋላ እናትና ሴት ልጆች ጀልባ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ጉዞ የቤተሰብ ጉዞ አይባልም።

ጉዞው በጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፣ ማዕበል ይነሳል። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖሩን ከመሳፈር በፊት ቆጥሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እኛ ስንቆጥር ሦስት ጎደለ። ባለ ጀልባው «ሕፃናቱን እናንተ ያዟቸው፣ ምንም አይሆንም» አለን። እስኪያመጣ ድረስ አንሳፈርም ብለን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ አመጣም። የሰው ልጅ አደራ ይዞ የወጣ ሰው በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ ሊይዘው አይገባም።

መዋኘትን በሚመለከት ምክራችን አጭር ነው፤ ይቅርባችሁ። ሐይቁ ዳር የቢልሃርዝያ በሽታ አለ፤ አባይ በሚወጣበት አካባቢም ጉማሬ ይኖራል። የደጋ ልጅ ደግሞ ዋና አያውቅም። ባሕር ዳር የወባ አገር በመሆኗም ማታ ማታ በአጎበር መተኛት፣ ተመልሶ ትኩሳት የያዘውም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ማስመርመር ይኖርበታል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጢስ አባይ ሄድን። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በእግር ሲወርዱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ያቋርጣሉ። ነገር ግን ልጆቹ ከብር ኖት ላይና ከመጽሐፍ ሥዕል ያወቁትን ጢስ አላገኙም፤ ገደሉ ላይ ቀጭን ውሃ ብቻ ይወርድ ነበር። ምክንያቱ በአካባቢው ካሉት የኃይል ማመንጫዎች በተጨማሪ በ2002 ዓ.ም ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫ የሐይቁን ውሃ በሌላ አቅጣጫ መውሰዱ ነው። ሙሉ ፏፏቴ ማየት የሚሻ በጥር ሳይሆን ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት ይሂድ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት

አሁን ወደ አፈርንበት ነገር እንመለስ።

በሦስተኛው ቀን መኪናው የተቀጠረው ለጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። እኛ ግን ከ2 ሰዓት ጀምሮ ሐይቁ ዳር ነበርን። አንድ ሽማግሌ ደንገል እየጠመዘዙ ታንኳ ያስራሉ። ልጆቹ ከበቧቸው። ታንኳው በምን ይታሰራል፣ ስንት ሰው ይይዛል፣ ስንት ጊዜ ያገለግላል እያሉ አፋጠጧቸው። ሰውየውም ሳይሰለቹ መለሱ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ አንድ ታንኳ ከጥቂት ወራት በላይ እንደማይቆይ፣ በየጊዜው ወደ ፀሐይ አውጥቶ ማድረቅ እንደሚያስፈልግ አስረዷቸው። ቀና ብለውም ኮፍያችንንና የእናቶቹን ሒጃብ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «አሰላሙ ዓለይኩም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጆቼ፣ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ቡና ተፈልቷል» አሉን።

ከእናቶቹ አንዷ የልጇን እጅ ያዝ አድርጋ በለሆሳስ «ተይ፣ ወይጦ ናቸው» አለች። እኛም ሰማን። ሰላምታውን መለስን። ከዚያም «አላህ ይስጥልን አባቴ፣ መኪና ይጠብቀናል» ብለን ልጆቹን ሰብስበን ሄድን። መኪና አልነበረም። አንድ ሰዓት ሙሉ መንገድ ዳር ቆመን ጠበቅነው።

ወይጦዎች በጣና ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስለ እነርሱ ጽፏል። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ታንኳ ያስራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ፣ ከደንገልና ከሳር ልዩ ልዩ ዕቃ ይሠራሉ። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገበታቸውን ሲሸሽ ኖሯል። የጉማሬው አደን ከቀረ ቆይቷል፤ ሽሽቱ ግን አልቀረም። ስማቸውም በብዙ ሰው አፍ የንቀት ቃል ሆኖ ቆይቷል። ከተማዋ በሐይቁ ዳር እየሰፋች በሄደች ቁጥርም ደንገል የሚያጭዱበትና ታንኳ የሚያስሩበት ዳርቻ እየጠበበባቸው መጥቷል። ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሁሉ የታንኳ ፎቶግራፍ ሳያነሳ አይመለስም። ታንኳውን ማን እንደሠራው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ያቺን እናት ለመውቀስ አንጽፍም፤ እኛም ተመሳሳይ ነገር እየሰማን ነው ያደግነው። በመድረሳ ሙእሚኖች ሁሉ ወንድማማቾች መሆናቸውን ስናስተምር ዓመታት አልፈዋል። ያን ጠዋት ግን ከአፋችን የወጣው ውሸት ነበር፤ የሰሙትም ሃያ ሁለት ተማሪዎቻችን ናቸው።

በመልሱ ጉዞ ወተት አባይ ከተማ ስንደርስ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከኋላ መጥታ ከአጠገባችን ቆመች። «ኡስታዝ፣ መኪናው እኮ ገና አልመጣም ነበር» አለችን። ሌላ አልጨመረችም። «አዎ፣ ልክ ነሽ፤ ዋሽተናል፣ ተሳስተናልም» ማለት ነበረብን። እኛ ግን «ሂጂ ተቀመጪ፣ መኪናው ይጥልሻል» አልናት።

በሚቀጥለው ዓመት

በጥር 2011 ዓ.ም ተመልሰን ሄድን። ከመነሳታችን በፊት በነበረው የመድረሳ ትምህርት፣ ባለፈው ዓመት የሆነውን በልጆቹ ፊት እንደሆነው ተናገርን። ያቺ እናትም ከእኛ ጋር ለመሄድ ቀድማ የተመዘገበች ነበረች።

ሽማግሌው የነበሩበት ቦታ ታጥሮ አገኘነው። አንድ ወጣት መራንና ከሐይቁ ራቅ ብሎ ከሚገኘው ቤታቸው ደረስን። እኛ ያለፈውን ዓመት እየጠቀስን ይቅርታ ለመጠየቅ ስንንተባተብ ሰውየው ግራ ገባቸው። ጨርሶ አያስታውሱንም። «ብዙ ሰው ይመጣል፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ የትኛውን ላስታውስ?» አሉ። ቡናው ተፈላ፤ ሦስተኛውን ስኒ ጠጥተን ዙህርን በደጃቸው በሰሌን ላይ በጀማዓ ሰገድን። ልጆቹም በሁለት ሰዓት ትንንሽ ታንኳ ማሰር ተማሩ። ከእነዚያ አንዱ ዛሬም መድረሳችን ውስጥ መስኮት ላይ ተቀምጧል።

ዛሬ ለሚሄድ

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልላችን የተነሳው ግጭት ይህን መንገድ ደጋግሞ ዘግቶታል። እኛም ከዚያ ወዲህ ተማሪ ይዘን ወደ ጣና አልወጣንም። ግድ ሆኖበት የሚጓዝ ሰው በዚያው ዕለት ጠዋት ከመናኸሪያ ሹፌሮችና በየከተማው ካሉ ዘመዶች ስለ መንገዱ ይጠይቅ። በሌሊት አይጓዝ፣ መታወቂያውን አይርሳ፣ ቢዘጋበት የሚያርፍበትን ዘመድ በየከተማው ያስብ። ለመዝናናት የሚደረግ ጉዞ ግን ሰላም እስኪሆን ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም፤ ሐይቁ የትም አይሄድም።

እርግጥ ሐይቁም ሥጋት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የእምቦጭ አረም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ታይቶ ብዙ ቦታ አጥፍቷል። ስለዚህ የሚሄድ ሁሉ ፌስታልና ጠርሙስ ውሃው ውስጥ ባለመጣል የበኩሉን ያድርግ።

አላህ አገራችንን ሰላም አድርጎልን ዳግም ለመሄድ ስንበቃ፣ እናንተም ስትሄዱ፣ ለመኪናውና ለጀልባው ሰዓት እንደምትመድቡ ሁሉ ሐይቁ ዳር ለሚኖሩት ወንድሞችና እህቶች አንድ የቡና ሰዓት መድቡ። «ማዶው የማይታይ ውሃ» ብሎ የጠየቀን ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ከጣና ምን እንደሚያስታውስ በቅርቡ ስንጠይቀው ስለ ውሃው አላነሳም፤ «ሦስተኛው ስኒ በጣም ቀጥኖ ነበር» አለን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።